ኮንትራክተር ያልኩበት ቀን

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ባለሱቅ ፈገግ ካለልኝ ቶሎ ብዬ ሚዛኑን ነው የማየው። ስለዚህ በዚያ ጥቅምት ደንዲ ወረዳ፣ ከአባቴ ጤፍ አጠገብ ባለው ግጦሽ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ፣ በደህና መጣ ብዬ አላሰብኩም።

ሁለት ወጣት መኮንኖችና አንድ ሽበታም ፈረንጅ ወረዱ። መኮንኖቹ ከሄሊኮፕተሩ አልራቁም። ፈረንጁ ሸሚዝና ጂንስ ነው የለበሰው፤ ማዕረግ የለው፣ ምልክት የለው። ሣር ነጭቶ ወደ ላይ በተነ። ከዚያ ከግጦሹ ጫፍ እስከ ጤፋችን ድንበር እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጊንጪ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ “ሰውየው ማን እንደሆነ ጠይቂው” ብሎ ወደፊት ገፋኝ።

ፈረንጁ እነዚህን መኮንኖች ሄሊኮፕተር ማብረር የሚያስተምር ኮንትራክተር ነኝ አለኝ።

“ኮንትራክተር ነው” አልኩ ጮክ ብዬ።

የቀረውን ማን ሰማ? እኛ ዘንድ ኮንትራክተር ማለት አጥር አጥሮ፣ አሸዋ አራግፎ ሕንፃ የሚያቆም ሰው ነው። መብረር ያስተምራል ብዬ ብጨምርም አባቴ ሳቀብኝ፤ ሲቪል ወታደርን ያስተምራል ወይ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም። ያ የቆጠረው እርምጃ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

መሬቱን ሳይወስዱት ጤፉን እንኳ እናትርፍ ብዬ አባቴን ወጥሬ ያዝኩት። ፍሬው ገና አልጠጠረም ብሎ አመነታ። ወተወትኩት። ሲታጨድ ዛላውን በመዳፌ ሳሸው ውሃ ውሃ አለ፤ ቢሆንም አላስቆምኩም። በሦስት ቀን ማሳው ባዶ ሆነ።

በሳምንቱ ሄሊኮፕተሩ ተመለሰ። ሲያርፍ ሲነሳ፣ ሲያርፍ ሲነሳ አረፈደ። ከወረዱ በኋላ ፈረንጁ አንደኛውን መኮንን በእጁ እያሳየ ያርመው ጀመር። እኔም ተማሪ ሳርም እጄን የማወናጭፈው እንደዚያው ነው። ሰውየው አስተማሪ ነበር፤ አፈርኩ።

ወደ እኛ መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአባቴ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ለእኔ ተናገረ።

“ምን አለ፣ ኢንተለ ኮ?” አለኝ አባቴ። ልጄ ማለቱ ነው።

“ለማረፊያ ብለህ ማሳህን ስላጨድክልን አመሰግናለሁ ይላል።”

አባቴ የታጨደውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አየው።

“እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት ያሳጨደችው በይው” አለኝ።

እሱን አልተረጎምኩለትም።