በተቀዳ ጨዋታ የወሰድኩት ጥላ

አንድ የግራር ጥላ አተረፍኩ፤ አንድ ወንድም ከሰርኩ። ይህን ለሚስቴም፣ ለኢማማችንም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ ዓይናችሁን ማየት የለብኝም።

ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እነግዳለሁ። እንድሪስ አጠገቤ ይነግድ ነበር። በመካከላችን አንድ ግራር አለ፤ ጥላው ግን ለአንድ ሰው ክምር ብቻ ነው የሚበቃው። የእኛን ፀሐይ የማያውቅ ሰው "ለጥላ ደግሞ!" ይል ይሆናል። እዚህ አገር ፀሐይ ላይ የዋለ ሽንኩርት ቶሎ ይበላሻል፤ ነጋዴውም ከሽንኩርቱ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ በሳምንት በሳምንት እንፈራረቅበት ነበር፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ። ለምን አልበቃኝም?

እትዬ ዘሃራ ምግብ ቤት የአሜሪካኖቹን ኳስ ማየት ለምደን ነበር፤ ያንን እንቁላል የሚመስለውን፣ በእጅ የሚያዘውን። እትዬ ዘሃራ "ይሄ ኳስ ነው ወይስ የድንበር ጠብ?" እያሉ ይስቁብናል።

የዚያን ቀኑ የጥሎ ማለፍ ነበር፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚሄድበት። እነሱ ሲጫወቱት እኛ ጋ ሊነጋጋ ነው፤ እትዬ ዘሃራ ቤት የተቀዳው የሚታየው ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። እኔ ግን ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት መልስ በስልኬ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ቀይ ለባሾቹ አሸንፈዋል።

እንድሪስ ሰማያዊ ለባሾቹን ይወዳል፤ ወርዋሪያቸው ኳሱን አሻግሮ ሲልከው ዓይን ያፈዛል። "ዛሬ ያሸንፋሉ!" ሲል፣ "እንግዲያው ጥላውን ለሁልጊዜ እንወራረድ" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

"ውጤቱን አላየህም?"

"አላየሁም" አልኩ። ወላሂ አልጨመርኩበትም፤ አላህን መፍራቴ እዚያ ድረስ ነበር። ቁማር ሐራም ነው። እኔ ግን ቁማርም አልተጫወትኩም፤ ያወቀ ሰው ምኑን ይወራረዳል? ሰረቅኩ።

እረፍት ላይ ሰማያዊዎቹ ይመሩ ነበር። እያወቅኩ ፊቴን አጥቁሬ ተቀምጫለሁ። እንድሪስ አየኝና አንጀቱ አልቻለም። "ተወው በቃ፣ ሁሴን ወንድሜ። እንደ ድሯችን እንፈራረቅ። ጥላ ሰው ያጣላል እንዴ?" አለኝ።

እዚያ ላይ መመለስ እችል ነበር። እያሸነፈ ያለው ሰው ነበር የማረኝ። አልተመለስኩም። "ወንድ ልጅ ቃሉን አያጥፍም" አልኩት። እኔ!

ከዚያ ቀዮቹ መሮጥ ጀመሩ። ውርወራ የሚባል ነገር ረሱ። ኳሱን ጭኑ የዋርካ ግንድ ለሚያህል አንድ ሰው ይሰጡታል፤ ከፊቱ ያሉት ግዙፎች እየገፉ መንገድ ይከፍቱለታል፤ ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። ይነሳና እንደገና። ያ የእንድሪስ ወርዋሪ ዳር ቁጭ ብሎ ያያል፤ ኳሱን ከየት አምጥቶ ይወርውር? ሰዓቱ እንዲሁ አለቀ። "በሬ ጠምደው መጥተውባቸዋል እኮ!" አለ እንድሪስ እየሳቀ። እኔም፣ ሁሉን ቀድሜ የማውቀው፣ እንደ ተገረመ ሰው አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ክምሩን ወደ ፀሐዩ አዞረ። አንድ ቀን አላጉረመረመም። ገዢ ሲመጣበት "የእኔን ፀሐይ መትቶታል፣ የሱን ውሰዱ" እያለ ወደ እኔ ይልክልኝ ነበር። በዓመቱ ንግዱን ትቶ ጀውሃ ገጠር ገባ። ዛሬ የሰው ማሽላ ያርማል።

ረመዳን ሲቃረብ በእኛ ዘንድ ሰው አውፍ ይባባላል፤ የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተበደለ ይቅር ይላል። እኔም በየዓመቱ ጀውሃ ድረስ እሄዳለሁ። "ያወቅከውንም ያላወቅከውንም አውፍ በለኝ" እለዋለሁ፤ "አውፍ ብያለሁ" ይለኛል። ከላይ ደህና ደህናውን ደርድሮ ከሥር የበሰበሰውን የሚሸጥ ነጋዴ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ከረጢቱን ሳልፈታ።

ዘንድሮ ልፈታው ቆርጬ ሄድኩ። "እንድሪስ፣ ያ ጨዋታ..." ብዬ ስጀምር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም እሱን ታነሳለህ? አውፍ አልኩህ እኮ! ይልቅ ቅረብ፣ ምሳ ቀርቧል" አለኝ።

ቀረብኩ። በላሁ። አጉርሶኛልም።

የሰውን ሐቅ ባለቤቱ አውቆ ካልተወው እንደማይወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። አላወቅኩም ነበር አልልም። እናንተም አይዞህ አትበሉኝ።

ሰባት ረመዳን፣ ሰባት አውፍ። አንዱም የእኔ አይደለም።