የቆርቆሮው ላብ

ከጓሳ በታች ባለው አገር ስለ እኔ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። አስኳላ አንድም ቀን አልገባሁም። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው። ልጆቼ ይዘው የሚመጡትን መጽሐፍ ከእነሱ ቀድሜ እጨርስ ነበር። የሰባተኛ ክፍሉን የሳይንስ መጽሐፍ እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ቁስ ምን እንደሆነ፣ ጠጣርና ፈሳሽ ከጋዝ በምን እንደሚለዩ፣ ውሃ ተንኖ የት እንደሚደርስ። መካኒክ የተወውን ወፍጮ አስነስቻለሁ። በወሰን የተጣላ ሰው እኔ ካልተቀመጥኩ ሽምግልናውን አይጀምርም። ይህን ማስቀደሜ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ምን ያህል እንደከበደኝ አንባቢ እንዲገባው ነው።

የያዙኝ ከስብሰባ ላይ ነው። መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክ በጠፋበት በዚያ ሰሞን የጸጥታ ሰዎች ሽማግሌዎችን ሰብስበው የማን ልጅ ጫካ እንደገባ እንድንናገር ጠየቁን። ሌላው ሲያቀረቅር እኔ ተነሳሁና፣ «እኔ የራሴን በግ እንጂ የሰው ልጅ አልቆጥርም» አልኩ። ከኋላ የሳቀ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጭነት መኪና ላይ ተጫንኩ።

ያስገቡኝ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ካለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ፣ መስኮት የሌለው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሻገተ ገብስ፣ የእግር ላብ፣ ከዚያም በበሩ ሥር የተቀመጠው አፉ የተቆረጠ ጀሪካን። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁሉም የሚሸናው እዚያ ነው።

እስረኛው «ካቦ» የሚለው የክፍሉ አለቃ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ድምፁ የሞተር ድምፅ ነው። ሽበቴን ሲያይ ብድግ አለ።

«አባባ፣ እዚህ ይምጡ» አለና ከጀሪካኑ የራቀውን የጥጉን ቦታ አሳየኝ። ከኋላ ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮውን የተሸከመው ወፍራም እንጨት። «ይሄ የክብር ቦታ ነው። ለእርስዎ ያለ ነው።»

ለእኔ የሚገባኝ መሆኑን አውቅ ስለነበር ሳላንገራግር ተቀመጥኩ። በማግስቱ ምራቴ ዝተቴን አመጣችልኝ። ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሠራ የእኛ አገር ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ እሱ ካለ ብርድ አልፈራም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበሩ። ከዚያ ውርጭ ገባ፤ ሰውም እየተጨመረ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን መተኛት ጀመርን። አንድ ማለዳ ስነቃ ዝተቱ ዳሌዬ ላይ ርሷል። ሱሪዬም ርሷል። የራሰ የበግ ፀጉር ሽታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አጣጥፌ አስቀመጥኩት። በማግስቱም ርሶ አገኘሁት። በሦስተኛው ማለዳ አጠገቤ የሚተኛው ሰው ነገሩን አየ።

«አባባ፣ ምነው?» አለ፤ ቀስ ብሎ ነበር፣ ግን በዚያ ቤት ቀስ የሚባል ነገር የለም።

ካቦው ከበሩ ሆኖ ሰማ። «ራዲያተራቸው ያፈሳል!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ውሃ አልጠጣሁም። በማግስቱም ርሶ ተገኘ። እውነቱን ልጻፍ፤ ራሴን ተጠራጠርኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሳልነሳ ቀርቼ ይሆን? ሽማግሌ ነኝ ብሎ በሰው መካከል የተቀመጠ ሰው እጁን ወደ ሱሪው ሰድዶ ሲዳስስ ማደር ምን እንደሆነ የሚገልጽ መጽሐፍ አላነበብኩም።

ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ። እሁድ ምራትዎ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ዝተቱን እንስጣት። አጥባ ትመልሰው። እርስዎም ወደ ጀሪካኑ ጠጋ ቢሉ ለመነሳት ይቀልዎታል።»

«ለምራቴ?»

«ታዲያ ለማን ልስጠው? ለኮማንደሩ?»

ምራቴ ቀና ብላ አታየኝም፤ እግሬን ስታጥበኝ እንኳ ዓይኗን ከውሃው አታነሳም። ያቺ ሴት ዝተቱን ዘርግታ ስታሸት ታየኝ። የታሰርኩበት ነገር ሁሉ ከዚህ አንጻር ቀለለብኝ። ለእሁድ የቀረው ሁለት ቀን ነው።

ተኝቼ ወደ ላይ አየሁ። የቆርቆሮው ሆድ ያብረቀርቃል። ወሩ ዝናብ የሌለበት ነው። ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፌ ትዝ አለኝ፤ አፈርኩም፣ እስካሁን እንዴት ዝም አለኝ ብዬ። አብዛኞቻችን የተወለድነው የጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ነው። ሣር የሰውን ትንፋሽ ይጠጣል። ቆርቆሮ ግን አይጠጣም።

ግቢው ውስጥ የተጣሉ ሁለት የቀለም ጣሳ ክዳኖች አግኝቼ በአመድ አሸሁ። አንዱን ዳሌዬ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀምጬ፣ ራሴ ግድግዳ ተደግፌ አደርኩ። ሲነጋ ክዳኑ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል።

«ይኸው!» አልኩ።

ካቦው ጎንበስ ብሎ አየ። «ምን ይኸው? ሸንተውበት ነዋ!»

ሳቁ እንደገና ተነሳ። እኔ ግን ይህን ጠብቄው ነበር። ሁለተኛውን ክዳን ከጀሪካኑ በማንኪያ ሞላሁት። በሩ ሲከፈት ሁለቱን ይዤ ወጣሁና ፀሐይ ባረፈበት ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ጠባቂ ጠመንጃውን አስተካክሎ ቀረበ። «ምንድነው እሱ?»

«ሙከራ ነው» አልኩ።

«የምን ሙከራ? ወደ ኋላ በል!»

ካቦው በመካከል ገባ። «ጌታዬ፣ ሽንት ነው። የሽማግሌው ይሁን የእግዜር ልናይ ነው።»

ጠባቂው ክዳኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ አልሄደም። በዕድሜ ልጄ ከሚሆን ባለ ጠመንጃ ጋር ቆሜ የራሴ ነው የተባለ ሽንት እስኪደርቅ መጠበቅ ደረሰብኝ። እስረኛውም ከበበ። ዝም ብሎ መቆም ስለከበደኝ ማስተማር ጀመርኩ።

«ሽንት ድብልቅ ነው። ውሃ አለበት፣ ጨው አለበት፣ ሌላም አለበት። ፀሐይ ውሃውን ታነሳዋለች፤ ጨው ግን አይተንም፣ ይቀራል። ትንፋሽ ከሆነ የሚቀር ነገር የለውም።»

«ትንፋሽ እንዴት ውሃ ይሆናል?» አለ አንድ ገበሬ።

«አረቄ ሲወጣ አይተህ አታውቅም? ከእንስራው የሚወጣው እንፋሎት ነው። ቀዝቃዛ ሲነካ ግን ይንጠባጠባል። እኛ እንስራው ውስጥ ነን፤ ቆርቆሮው ደግሞ ውርጭ መትቶታል። ጠብታው በቆርቆሮው ሆድ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ያ ወፍራም እንጨት ሲያቆመው ይወድቃል። ከእንጨቱ ሥር የተኛሁት እኔ ነኝ።»

«እና እስከ ዛሬ አረቄ ላይ ነዋ የሚተኙት!» አለ ሌላው።

እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዓይኔ ክዳኖቹ ላይ ነው። ጉም ይመጣና ፀሐይዋን ይሸፍናል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት መጽሐፉን አመንኩት እንጂ ራሴን አላመንኩም።

ደረቁ። ከጀሪካኑ የተቀዳው ቢጫ ቀለበት ትቷል፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይታያል። በሌላኛው ላይ ጣቴን አሳለፍኩ። ትንሽ አቧራ ብቻ። ክዳኑን ለካቦው ሰጠሁት። እሱም ጣቱን አሳለፈበት፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ በሁሉም ፊት።

ጠባቂው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እሁድ ምራቴ መጥታ ባዶውን አገልግል ይዛ ተመለሰች፤ ሌላ ነገር አልወሰደችም። እኔን ወደ መካከል አዛወሩኝና ከእንጨቱ ሥር ክዳኑ ብቻ ቀረ። በየማለዳው በተጠራቀመው ውሃ ዓይናችንን እናብስበት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ካቦውን ለምርመራ ጠሩት። የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዎች ደግፈውት። አልበላም። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተኛ።

ሲነጋ ከሥሩ ያለው ካርቶን ርሷል። በሩ አጠገብ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ጠብታ እዚያ እንደማይደርስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉም አየ። ማንም አልሳቀም። ካቦው ነቅቷል፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። የጆሮው ጫፍ ቀልቶ ይታየኛል።

«ቆርቆሮው ነው» አልኩ።

ገበሬው ቀና ብሎ አየኝ። «እዚያም ይደርሳል እንዴ?»

«ብርዱ ሲጠና ይደርሳል።»

ወደ ካቦው ጀርባ አየና፣ «ዛሬስ በጣም በርዷል» አለ።

ክዳኑን ከእንጨቱ ሥር አንስቼ ካቦው አጠገብ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ማለዳ ሌላው ሳይነሳ አየሁት፤ ደረቅ ነው። ከመጠጫዬ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩበት። ቀና ስል ገበሬው ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። እጁን ዘርግቶ የራሱን ጠርሙስ አቀበለኝ።

ዛሬ ቤቴ ነኝ። የመንደሩ ተማሪዎች ስለ ቁስ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የሁለቱን ክዳኖች ነገር እነግራቸዋለሁ፤ የማን ሽንት እንደነበረና ማን ከብቦ እንደቆመ ግን እዘላለሁ። አሁንም ስነቃ መጀመሪያ እጄ ሱሪዬን ይዳስሳል። ምራቴ ዝተቱን ልታሰጣ ስታወጣ እኔ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። ነገሩ ቆርቆሮ እንደነበረ አረጋግጫለሁ፤ ሐፍረቱ ግን ማረጋገጫውን አልሰማም።

ቢሆንም በዚያ ቤት ያደረግኩትን ልቁጠር። በምርመራ የማንንም ልጅ ስም አልጠራሁም። ለጀሪካኑ ከካርቶን ክዳን ሠራሁለት። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ምን እንደሆኑ ከእኔ ጋር የታሰረ ሁሉ ለይቶ ወጥቷል። ጠባቂዎቹን አግባብቼ ከበሩ በላይ አንድ ቆርቆሮ አስነሳሁ፤ ትንፋሹ መውጫ ሲያገኝ ጠብታው ቀነሰ። ስፈታ ዝተቴን ራሴ ተሸክሜ ወንዝ ወረድኩ፤ ራሴ አጠብኩት። እና ካቦው ድኖ በገዛ እግሩ ወደ ጀሪካኑ መነሳት እስኪችል ድረስ፣ ያ ክዳን አንድም ማለዳ ደርቆ አልተገኘም።