የጎረቤቴ ማኅተም

ጦርነቱ አልፎ ወደ መርሳ ስንመለስ የትምህርት ቤቱ ዴስኮች ማገዶ ሆነዋል። አዲስ ለማሠራት የሦስት አናጢዎች ፕሮፎርማ ያስፈልግ ነበር። እኔም አናጢ ነኝና ግዢ ክፍሉ «ሦስቱንም አንተው አምጣ» አለኝ። ከኔ ሌላ ባሉት ሁለቱ ላይ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መሙላት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሠራው፣ እኔ ከማን አንሼ!

አንዱን ወልድያ ያለ ወዳጄ ሰጠኝ። ለሌላው ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ተዘርፎ የተረፈቻቸው ማኅተማቸው ብቻ ነበረች። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ባዶ ወረቀት ላይ መቱልኝና «አላህ ያቅናልህ ልጄ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ከኔ የበለጠ ዋጋ በስማቸው ሞላሁ።

ሥራውን አገኘሁ። እሳቸውንም በቀን ሥራ ቀጠርኳቸው። ሰው ሁሉ «ውለታ የማይረሳ» እያለ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

አንድ ቀን በኔው መላጊያ ጣውላ እየላጉ ቀና አሉና፣ «እንዲህ ያለ ሥራ ሲወጣ እኔንም ብትነግረኝ እኮ እወዳደር ነበር» አሉኝ።

«እሺ አባባ» አልኳቸው። ተወዳድረው መሸነፋቸውን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።