ለክር የተባለው ስንዴ

በደርግ ዘመን ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ቀበሌያችን የጋራ እርሻ ነበረው። አንድ ዓመት ስንዴው ሊደርስ ሲል ወፍ ወረረው። ሰፈርተኛው “ግሪሳ” አለው። የቆላውን ግሪሳ ለዜና ሄጄ አይቼው ስለነበር እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለስንዴው ግን ልዩነት አልነበረውም። መንጋው ማሳው ላይ ሲያርፍ መሬቱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር።

ቆርቆሮ ተደበደበ፣ ወንጭፍ ተወነጨፈ፤ አልበጀም። በመጨረሻ የእርሻ ኮሚቴው መርዝ የተለወሰ ስንዴ አስመጣና ነዋሪው በተራ እንዲበትን ታዘዘ።

ወፉ ረገፈ። ከወፉ ጋር ርግቦች ረገፉ። የሞቱትን የበላ ጭልፊት ከባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ፣ ጥንብ አንሳም ተከተለው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የወፍ ድምፅ ጠፋ። በስብሰባው ላይ ይህ ድል ተባለና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያ ጊዜ ዜና የሚሆነው አለማጨብጨብ ነበር።

ጎረቤቶቼ ከጋሞ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ ሸማኔ፣ እሷ ፈታይ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ደጃፏ ላይ ቀጭን ገንፎ ስታማስል አገኘኋት። ሸማኔዎች ድሩ እንዳይበጠስ በእንዲህ ያለ ገንፎ ያጠነክሩታል፤ ገንፎው የሚለቀው ጨርቁ ሲታጠብ ነው። ሽታው ግን የኮሚቴውን ጆንያ አስታወሰኝ።

“የምን ስንዴ ነው?” አልኳት።

“የማሳው። ከበተንኩት የተረፈ።”

“መርዝ እኮ ነው!”

“ምነው ጋሼ፣ ይሄ ይጠፋኛል? ለአፍ አይደለም፣ ለክር ነው። ድስቱንም ለይቻለሁ። ከቀበሌ ሱቅ የምናገኛትን ዱቄት ልጆቼ እየራባቸው ለክር ላብላት?”

ጥንቁቅ ሴት ነበረች። እሷን አልፌ ወደ ቤታቸው ውስጥ ሮጥኩ።

ባሏ እግሩን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል። ድሩ አንድ ቦታ ተበጠሰ። ጫፉን አነሳና፣ አባቱ እንዳስተማረው፣ በከንፈሩ አርጥቦ ሊቀጥለው ሲል ደረስኩ።

“ትፋው!”

“ምኑን?” ሳቀ። “አንተ ጋዜጠኛ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፍብኝ ነው?”

“ክሩ የወፉን መርዝ ጠጥቷል።”

“እንግዲያ እኔም ወፍ ሆንኩ በለኛ!”

አፉን ሊጠርግ እጁን አነሳ፤ እጁ ከአፉ ይልቅ ጉንጩን አገኘ። ሳቁ ቆመ።

“ከትናንት ጀምሮ ምላሴ ቆዳ ሆኖብኛል። ብርድ መስሎኝ ነበር እኮ” አለ።

ደግፈን ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድነው። አላበው፣ ምራቁ ይዝረከረክ ጀመር፣ ቆይቶም አላወቀንም። ሲነጋ ግን ሚስቱን በስሟ ጠራት። ዳነ።

እሷ እፎይ አላለችም። ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

“ጋሼ፣ ይሄ ሁለተኛው ድር ነው። የመጀመሪያው ጋቢ ሆኖ ተሸጧል።”

ሽሮ ሜዳ አብረን ወረድን። ከእሷ የተረከበው ነጋዴ ጋቢውን አስታወሰ።

“ለአራስ ቤት ስጦታ ነው ብለው ወሰዱት። ሕፃኑን ሊጠቀልሉበት።”

“እነማን?” አለችው።

“ገበያተኛ ነዋ! ስም እየጠየቅሁ ነው የምሸጠው?”

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ ቀረች። ዞር ስል አዲስ ጋቢ የደረበ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆማ ጫፉን ይዛለች።

“በእናትዎ፣ አጥበውታል?” ትላለች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ነጥቀው ሄዱ። እሷ ወደሚቀጥለው ሰው ተሻገረች።