ቅዳሜን ሙዚየም የዋልን ልጆች

ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። የከሚሴው ሙዚየማችን ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚግል ከቀትር በኋላ ውስጡ መቀመጥ አይቻልም። ከዞኑ ገጠሮች የተሰበሰቡ ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ የወተት ጮጮ፣ የእንጨት ትራስ፣ የቆዳ ስልቻ፣ በዛጎል ያጌጠ ሰፌድ፣ ከቆላ የመጣ የግመል ኮርቻ። ለስብሰባ የመጣ እንግዳ ካልሆነ በቀር ገብቶ የሚያያቸው አልነበረም። የከተማው ሰው ግማሹን ዕቃ ቤቱ ስለሚያገኘው፣ «የራሴን ጮጮ ለማየት ምን አስኬደኝ?» ይል ነበር።

ዘጠናዎቹ ገና እንደገቡ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሥዕል የተማረች አንዲት ወጣት ባለሙያ ከደሴ ተመድባ መጣች። ትምህርት ቤታችን መጥታ በየክፍሉ እየዞረች፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሙዚየሙ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ወረቀትና እርሳስ ከእኔ፣ ዓይን ከእናንተ» አለች።

እኔ ክፍል ውስጥ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። ቤታችን የምናወራው ኦሮምኛ ነው። አማርኛውን ባውቀውም ሲጨንቀኝ መሀል ላይ ይጠፋኝና ወደ ኦሮምኛው እገባለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ስመልስ ልጆች ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ሲጠራኝ ተነሥቼ መሬት መሬቱን ማየት ልማዴ ሆነ። ሥዕል አፍ አይፈልግም፣ ይኼ ለእኔ የተፈጠረ ነው ብዬ ሄድኩ።

ተሳስቻለሁ። መምህራችን በመጀመሪያው ቅዳሜ ጮጮውን አንሥታ መሀላችን አስቀመጠችና እርሳሳችንን እንድናስቀምጥ አዘዘችን።

«አትሳሉ። መጀመሪያ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።»

«ያረጀ ነው» አለ ከክፍሌ የመጣ አንድ ልጅ፣ ያን ቀን ከሳቁብኝ አንዱ።

«ማርጀቱን በምን አየህ?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጮጮውን ማየት ጀመረ። ሌላው ቀለሙን፣ ሌላው ቅርጹን ተናገረ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። የምለው ነበረኝ፤ እናቴ ጮጮ ስታጥን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን አማርኛው ጠፋኝና በኦሮምኛ ተናገርኩት። ያ ልጅ ዛሬም ሳቀ።

መምህርቷ አልተቆጣችውም። «እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ አንተ ከገባህ ተርጉምልኝ» አለችው።

ጆሮውን እያሸ፣ «ውስጡ የጠቆረው በወይራ ጭስ ስለሚታጠን ነው፤ ወተቱ እንዳይበላሽ ነው የሚታጠነው፣ ነው ያለችው» አላት።

«እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ላጥበው ነበር!» አለች መምህርቷ። ሁላችንም ሳቅን፤ የዚህኛው ሳቅ ግን በእኔ ላይ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚየሙ ውስጥ ሰው በመጣለት ቋንቋ ይናገራል፣ ያልገባው ይጠይቃል። ሥርዓታችን ይኸው ሆነ።

አባቴ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የት እንደምውል ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ነፍስ ያለው ነገር መሳል በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

«አባ፣ ዕቃ ነው የምንስለው። ጮጮ፣ ትራስ...»

«ዛሬ ጮጮ ነው፣ ነገ ሰው ይሆናል። ደግሞ ከወንድ ጋር ተቀላቅሎ! ከቅዳሜ ጀምሮ ከቤት ትውያለሽ።»

እናቴ ለእሑዱ የሰንበቴ ከተማ ገበያ በርበሬ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ልጅቷ ከእኔ ጋር ገበያ ከሺህ ወንድ መሀል ስትውል ምንም አላልክ። ሙዚየም ስትውል ምን አገኘህ?» አለችው።

አባቴ ግን ፈቃዱን አልሰጠኝም። የቀረሁበት ቅዳሜ ልቤ ሙዚየሙ ውስጥ ዋለ። አልቅሼ ልለምነው አሰብኩና ተውኩት፤ ልቅሶ እሱ ዘንድ አይሠራም። ይልቁንስ በነጋታው ምሳውን ይዤለት ሄድኩና፣ ሲበላ ከበረንዳው ጫፍ ተቀምጬ የስፌት መኪናውን መሳል ጀመርኩ። ሰኞም ሄድኩ፣ ማክሰኞም። ምን እንደማደርግ እያየ አላየሁም ብሎ ይበላል። ስጨርስ ወረቀቱን ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አኑሬለት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ማታ ሲመጣ ወረቀቱ በኪሱ ነበር። ዘርግቶ አየውና፣ «ይቺ መኪና አትሰፋም» አለ።

ደነገጥኩ። «ለምን?»

«ክሩን ከላይ በቀጥታ መርፌው ውስጥ ከተትሽው። እንዲህ ከሆነ ይበጠሳል። መጀመሪያ በዚህ ዞሮ፣ ይህቺን ወጣሪ አልፎ፣ ከዚያ ነው ወደ መርፌው የሚወርደው።» በጠመኔ የደረቀ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያስኬዳል። «መዘውሩን ግን ማሻአላህ፣ ራሱን ነው ያስመሰልሽው።»

እንደገና ሳልኩት። እንደገና አየው። ሦስተኛው ላይ፣ «አሁን ትሰፋለች» አለ። ስለ ቅዳሜው ምንም አላነሣም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ ግን፣ «ሰው እንዳትስይ» ብቻ ብሎኝ ወጣ። አልሳልኩም። ዛሬም ዕቃ እንጂ ሰው አልስልም፤ ቃሌ ነው።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ቆየን። መጨረሻ ላይ ሥዕሎቻችንን ከየዕቃው አጠገብ ሰቅለን ለከተማው ሰው በሩን ከፈትን። እያንዳንዳችን ከሥዕላችን ጎን ቆመን እንድናስረዳ ተመደብን። እኔ፣ ክፍል ውስጥ የማልናገረው፣ ከባቲ የመጡ ነጋዴዎች ፊት ቆሜ ስለ ግመሉ ኮርቻ ተናገርኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ይኼኛው ገመድ ተሳስቷል፣ በዚህ አይታሰርም» አሉኝ። እንደ ድሮው ቢሆን መሬት አይ ነበር። «በየት ነው የሚታሰረው? ያሳዩኝ» አልኳቸው። አሳዩኝ፣ እዚያው በእርሳስ አስተካከልኩት፣ መረቁኝ።

ብዙም ሳይቆይ መምህራችን ወደ ደሴ ተዛወረች፤ ቅዳሜውም ቀረ። ክፍሉ ተቆለፈ።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። ያን ጊዜ አሥረኛን የወደቀ ልጅ እንደሞተ ነበር የሚቆጠረው፤ ጎረቤት ሊያጽናና ይመጣል። እናቴ ከእሷ ጋር ገበያ እንድወጣ፣ አክስቴ ደግሞ እንድዳር ፈለገች። እኔ ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ልብስ ስፌት ለመማር ተመዘገብኩ።

አንድ ቀን አስተማሪያችን አንድ ኮት ጠረጴዛ ላይ ጣለና፣ «ሳትተረትሩ ክፍሎቹን ለይታችሁ በወረቀት አውጡልኝ» አለ። ፓተርን የሚባለው ይህ ነው፤ ልብስ ከመቆረጡ በፊት በወረቀት የሚሠራው ንድፍ። ልጆቹ ወዲያው ሜትርና ማስመሪያ አነሡ። እኔ ምንም ሳላነሣ ኮቱን ማየት ጀመርኩ። ገለበጥኩት፣ ብብቱ ሥር ገባሁ፣ ስፌቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሞት ተከተልኩ።

«አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

«እያየሁ ነው።»

የመጀመሪያው እጅጌዬ ጠማማ ወጣ። ሁለተኛውም። አላፈርኩም፤ አንድን መኪና ሦስት ጊዜ የሳለ ሰው ሁለት እጅጌ ቢበላሽበት ምንም አይለው። ሦስተኛውን ለሌሎቹ ማሳያ አድርጎ ወሰደው።

ዛሬ ከሚሴ ውስጥ ያንኑ ሙያ አስተምራለሁ። ሠዓሊ አልሆንኩም፤ ከመካከላችን ሠዓሊ የሆነ አንድም የለም። ያ የሳቀብኝ ልጅ ባጃጅ ይነዳል፤ ሞተሩን ራሱ ፈትቶ ራሱ ይገጥማል። ሲፈታ እያንዳንዱን ነገር በወረቀት ስሎ እንደሚያስቀምጥ ነግሮኛል። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናለች። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚሰጡ በፀሐይና በጨረቃ እየሳለች ታስረዳለች። ሁለቱም ያኔ የተማሩትን ሥዕል አይሉትም። «ማየት» ነው የሚሉት።

ቅዳሜው ተመልሶ እንዲከፈት የወሰንኩት ተማሪዎቼን አይቼ ነው። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች ጥያቄ ስጠይቃቸው መሬት ያያሉ። ያንን መሬት አውቀዋለሁ። የሙዚየሙን ክፍል የያዘው መሥሪያ ቤት ሄጄ ኃላፊውን አነጋገርኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ነገሩ ግን አልገባውም።

«እህቴ፣ ሥዕል ምን ያደርግላቸዋል? ለፈተና ቢያጠኑ አይሻልም?»

«እኔ ፈተናውን ወድቄ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ፈገግ አለና፣ «እስቲ እናያለን» ብሎ ሸኘኝ። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ በሳምንቱ ተመለስኩ። አሁንም በሳምንቱ። በመጨረሻ ባጃጅ ነጂውንና የጤና ሠራተኛዋን ይዤ ሄድኩ። እሱ በዘይት የወየበ የሞተር ሥዕሉን፣ እሷ ፀሐይና ጨረቃዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ኃላፊው ብዙ ጠየቃቸው። የሞተሩን ሥዕል አንሥቶ፣ «ይኼ ምንድን ነው? ይኼስ?» እያለ ሻዩ ቀዘቀዘበት። ስንወጣ ቁልፉ በእጄ ነበር።

ክፍሉን እናቴና ተማሪዎቼ አብረውኝ አጸዱት። አቧራው ብዙ ነበር፤ ስልቻውን አይጥ በልቶታል፤ ከዚያ ውጭ አብዛኛው ዕቃ ደህና ነው። አባቴ አሁን ዓይኑ ደክሟል። ጨርቅ አይሰፋም፣ ምን ያህል ልጅ እንደመጣ ግን ሁልጊዜ ይጠይቀኛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙ ልጅ አልመጣም። አንዷ እጇን አጣምራ በሩ ሥር ቆመችና፣ «ቲቸር፣ እኔ መሳል አልችልም» አለችኝ።

«ማን ሳይ አለሽ? ነዪ፣ ተቀመጪ።»

የእንጨት ትራሱን መሀላቸው አኖርኩ። አንዳንዱ ጣሪያውን፣ አንዳንዱ መሬቱን አየ። ሳልጠቁማቸው መጠበቅ እንዲህ እንደሚከብድ መምህራችን አልነገረችኝም ነበር። ከዚያ አንዱ፣ «ይኼ የሽማግሌ ነው» አለ። ያቺ አልችልም ያለችው ልጅ ዞረችና፣ «ፀጉሯን የተሠራች ሴት ነች ሹሩባዋ እንዳይፈርስ የምትተኛበት፤ ቁመቱን እየው እንጂ!» አለችው። ሌላው በኦሮምኛ ገባ፣ ሌላዋ በአማርኛ መለሰችለት፣ ክፍሉ ተንጫጫ።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሮጦ መጣ። «ምንድን ነው? ተጣሉ እንዴ?»

«አልተጣሉም» አልኩት፤ «ገና እየጀመሩ ነው።»