እኔ እያለሁ ለምን መጻጉዕ?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። እዚህ አርባ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን በተሳለምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እንደዚያ ሰሞን ቀንቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ወገቡን ታሞ ከዓመት በላይ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ነበር። ያጠብኩትም ያጎረስኩትም እኔ ነኝ። ከሥሩ የተነጠፈውን ቡሉኮ በአንድ ጎን ይዤ እየሳብኩ አገላብጠው ነበር። የምይዝበት ጫፍ ሲተረተር ከአሮጌ ቀሚሴ አረንጓዴ ጨርቅ ቀድጄ ጣፍኩበት።

ከዚያ ዘለቀ መጣ። ዘለቀ ባለቤቴ ያስተማረው፣ ላንቴ ቀበሌ ውስጥ ሙዝ የሚያመርት ሰው ነው። በመኪናው ጭኖ ምዕራብ ዓባያ አካባቢ ወዳለ ጸበል ወሰደው። ባለቤቴ ጥቂት ሰንብቶ በእግሩ ቆሞ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን! ሰፈሩ ሁሉ ግን "ዘለቀ ባይደርስለት ኖሮ!" አለ። ባለቤቴም አፉን በከፈተ ቁጥር ዘለቀ፣ ዘለቀ ሆነ። ዓመት ሙሉ ያቆየሁት እኔ፣ ያዳነው እሱ! ቅናት አንገበገበኝ።

ባለቤቴ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ሊያሠራ ተስሎ ነበር። ሰዓሊው ዘንድ ብቻውን ይመላለስ ጀመር። የቱን ተአምር እንደሚያሠራ ስጠይቀው፣ "መጻጉዕን" አለኝ።

ክው አልኩ። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ፣ ለጌታ "ሰው የለኝም" ያለው በሽተኛ ነው። እኔ ታዲያ ሰው አይደለሁም? ይህን ማለት አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ ምሳውን እያስቀመጥኩለት ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የመጻጉዕ እሑድ ሥዕሉ ተገለጠ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሥዕሉ ላይ የዘለቀን መልክ ፈለግኩ፤ የለም። የዳነው ሰው አልጋውን ተሸክሞ ይሄዳል። ከአልጋው ላይ ቡሉኮ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ አረንጓዴ እራፊ አለ። ከቀሚሴ የቀደድኩት ነው!

ዘለቀ ጠጋ ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀለም ጠብ ብሎበታል እንዴ? ይስተካከል እንጂ!" አለ።

ባለቤቴ ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ "አንቺን ከአጠገቡ እንዲያቆምልኝ ሰዓሊውን ለምኜው ነበር" አለኝ። "መጻጉዕ ሰው የለውም፣ አይሆንም አለኝ። እኔ ግን ነበረኝ፤ ምን ላድርግ? በዚያች አስገባሁሽ።"

አሁን ዘለቀ ሙዝ ይዞልን ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። ከሥዕሉ ፊት በቆመ ቁጥር ግን "ዛሬም አላስተካከላትም!" ይላል። እኔ ምን በወጣኝ! አልነግረውም። ሌላውን ምስጋና ሁሉ ይውሰድ፤ ያቺ እራፊ የእኔ ናት።