ሥራ ፈቱ ኬብል

በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የጮህኩበት ጊዜ የለም። በደስታ ጮህኩ፣ በንዴት ጮህኩ፣ አንዳንዴም እንዲሁ አፌ አመለጠኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ የተማረችው ኮምፒውተር ነው ወይስ ቀረርቶ?» ትለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ነገር ሲሳካልኝ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ሲበላሽብኝማ ጭራሽ።

ጊዜው መንግሥት በየአገሩ ኮሌጅ የሚከፍትበት፣ የተከፈተውም ዓመት በመጣ ቁጥር እጥፍ ተማሪ የሚቀበልበት ነበር። ጅማ ውስጥ ሐኪሞችን በሚያስተምር አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሩቅ አልሄድኩም፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። አባቴ ከሸዋ በሥራ ተዛውሮ መጥቶ፣ ለሁለት ዓመት ነው እንዳለ እዚያው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከግቢያችን ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን የተከራየችን ልጅ የእኛው ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ከሰቃ ነው የመጣችው፤ አባቷ ቡና ገበሬ ናቸው።

ይህቺ ልጅ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም፤ ከአጥንት ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትውላለች። ልብስ ስታሰጣ የእጅ አጥንት፣ ሽንኩርት ስትልጥ የአንገት ነርቭ። እናቴ እንኳ ከመስማት ብዛት ለምዳው ሥጋ ቤት ሄዳ ታፋውን ለማለት «ከፌመሩ በኩል ቁረጥልኝ» ብላ ባለ ሉካንዳውን አፉን አስይዛዋለች። እንዲህ ሌት ተቀን ያጠናች ልጅ ናት እንግዲህ አናቶሚ የወደቀችው።

የወደቀችበትን ምክንያት ላስረዳ። ድሮ የአናቶሚ የተግባር ፈተና አስከሬን በተኛበት ጠረጴዛ ዙሪያ እየተዞረ ነበር የሚሰጠው። ተማሪው ሲበዛ ጠረጴዛው አልበቃ አለ። ስለዚህ መምህራኑ የሰውነት ክፍሎችን በጥሩ ካሜራ አንስተው ፈተናውን ወደ ኮምፒውተር አዞሩት። ደወል ሲደወል በሁሉም ስክሪን ላይ ፎቶ ይመጣል፣ ቀስቱ ያረፈበት ነገር ምን እንደሆነ ተማሪው ይጽፋል፣ ደቂቃ ሲሞላ ፎቶው ይነሳና ሌላ ይተካል። በወረቀት እንዳይታተም ያለን ማተሚያ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ደም ቅዳውና ደም መልሱ አንድ ዓይነት ይሆናል። በመጀመሪያው ፈተና ደወሉ ተደወለ፣ ፎቶውም ከአናቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወርድ ወገቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊት የተቀመጡት ደረሳቸው፤ ወደ ኋላ ያሉት ግማሽ ፎቶ ላይ አፍጥጠው ደቂቃቸው አለቀ። የእኛዋ ልጅ ወደ ኋላ ከነበሩት ናት።

ማታ ቤት ስገባ ቧንቧው አጠገብ ባዶ ጄሪካን ይዛ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ቀስቱ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ» አለችኝ። «የማላውቀው ቢሆን እኮ ባልቆጨኝ።»

ኮሌጁ ለወደቁት አንድ ድጋሚ ፈተና ፈቀደ፤ አንድ ብቻ። ከዚያ የወደቀ ይሰናበታል። ፈተናው ለዓርብ ተቀጠረ። አባቷ ደግሞ ነገሩን በስልክ ሲሰሙ አልተቆጡም፣ አልጮሁም። «ጊዜው የቡና ለቀማ ቢሆንም ውጤቱ ሲወጣ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ልጄ ብቻዋን ዕቃ ተሸክማ አትመጣም» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ፎቶውን ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው የእኔ ኔትወርክ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእኔም ሆነ።

ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የሚያወጣው ሁሉ በአንድ ኬብል ነበር የሚያልፈው። መቶ ስክሪን በአንድ ቅጽበት ፎቶ ሲጠይቀው ኬብሉ ይታነቃል። ከጀርባው ግን ማንም ያልነካው ሁለተኛ ቀዳዳ አለው። «ሁለተኛ ኬብል እንሰካና ሁለቱን እናጣምራቸው። ሰርቨሩ እንደ አንድ ሰፊ መንገድ ይጠቀምባቸዋል» አልኩ። ዲኑ ግራ እየገባው «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «እንዴታ!» አልኩ። በመጽሐፍ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር፤ ግን «እንዴታ» ለማለት ማን እንደ እኔ።

ኬብሉን የዘረጋልን የኮሌጁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በዕድሜ አባቴን የሚያክል፣ ልጅ ሆኜ የቤታችንን ቆጣሪ ሲጠግን የማውቀው ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። ጣሪያ ውስጥ ገብቶ ኬብሉን ሳበው፣ ጫፉን በገዛ እጁ አሰረው፣ አቧራ ለብሶ ወጣ። እኔ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሁለቱን አጣመርኳቸው። ስክሪኑ ሁለቱም ኬብሎች በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ጩኸት የጮህኩት። ጋሼን እጁን ይዤ በር ላይ ካለችው ካፌ ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኩት፤ አስተናጋጇን ሳይቀር «ዛሬ ምን እንደሠራን ታውቂያለሽ?» አልኳት። አላወቀችም።

ከሰዓት ሙከራ አደረግን። ፈተናው የሚሰጥባቸውን ላብራቶሪዎች ኮምፒውተሮች ሁሉ ከፍተን ፎቶ በአንድ ጊዜ ጠየቅን። ፎቶው እንደ ልማዱ ወገቡ ላይ ቆመ። ቁጥሮቹን ብመለከት፣ በአንደኛው ኬብል የሚወጣው እንደ ጎርፍ ይሮጣል፤ በጋሼ ኬብል የሚወጣው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ የሠራነውን የሚሠራ ከእኛ አገር ሰው በቀር ያለ አይመስለኝም። እኔ ኬብሉ የተበላሸ መሰለኝ። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? ያን የሚያክል ሰው፣ ጣሪያ ውስጥ ተንፏቆ የዘረጋውን፣ «ኬብልዎ አይሠራም» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ዙህር፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሊሰግድ ሲወጣ ጠብቄ የእሱን ኬብል ነቀልኩና ከመጋዘን ያመጣሁትን አዲስ ኬብል በበሩ ሥር አሳልፌ ሰካሁ። እሱ በበኩሉ እኔ ማሽኑን ያበላሸሁት መስሎት ኖሯል። ግን የተማረች ልጅ ዲኑ ፊት ማሳፈር ነውር ሆነበት። ሲመለስ የእኔን ኬብል አየ፤ ቅር አለው፤ ምንም ሳይናገር የራሱን መልሶ ሰካ። እኔ ይህን ሳላውቅ ከቢሮዬ ሆኜ እሞክራለሁ። በማግስቱ የእሱ ተሰክቶ ሳገኘው መልሼ ቀየርኩ፤ እሱም መልሶ ቀየረ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ሰላምታችን ብቻ ረዘመ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አባትሽስ? እናትሽስ? ጤና ናቸው?»

ረቡዕ በዚህ አለቀ። ሰርቨሩን ሳየው የትኛው ኬብል ተሰክቶ የትኛውን ሙከራ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ልፋቴ ሁሉ ውኃ በላው። ግቢ ስገባ ልጅቷ ቀኑ ሳይመሽባት እየተሽቀዳደመች ደጃፏ ላይ ታጠናለች። ቀና ብላ አየችኝና ምንም አልጠየቀችኝም። እሷም ይሉኝታ ይዟት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼን ሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ሳገኘው ሰላምታውን ዘለልኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኬብልዎ የሞተ መስሎኝ ነው ስነቅል የከረምኩት!»

ትከሻው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ ደግሞ ማሽኑን የማታውቂው መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ!»

ሳቃችን እስኪወጣልን ግድግዳውን ይዘን ቆምን። ቀጥሎ እንደ ሰው አብረን ሞከርን። የሚሠራውን ኬብል ነቅለን የእሱን ብቻ ተውነው። የሚወጣው ሁሉ ወዲያውኑ በእሱ ኬብል ጎረፈ! ኬብሉ ጤነኛ ነው። የመጀመሪያውን መልሰን ስንሰካ የእሱ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ጥማዱስ ጥማድ ነው» አለ ጋሼ። «አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይግጣል።»

ነገሩ ልቤን አሞቀው። ሁለት ላፕቶፕ አመጣሁና እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰርቨሩ ጎን አገናኘኋቸው። ለአንደኛው ፎቶ ብልክለት በመጀመሪያው ኬብል ሄደ። ለሁለተኛው ብልክለት ግን በጋሼ ኬብል! ሥራ ፈቱ ተነሳ! ጮህኩ፤ ሦስተኛዬ ይሁን አራተኛዬ አላውቅም። እዚህ ለሁለት የሚያካፍል ሰርቨር ለላብራቶሪዎቹ ሲሆን ለምን በአንዱ ላይ ብቻ ይጭናል? ልዩነቱ ምንድን ነው? ላፕቶፖቹ አጠገቡ ናቸው። ላብራቶሪዎቹ ግን ከግቢው ማዶ ናቸው፤ ወደዚያ የሚሄድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በአንድ ራውተር፣ በአስተላላፊው ሣጥን፣ ያልፋል።

ይኸው ነው። ሰርቨሩ የሚያወጣውን በየትኛው ኬብል እንደሚልክ የሚመርጥበት ደንብ አለው፤ እኔ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር የተውኩት። ደንቡ የሚያየው ፎቶው መጨረሻ የት እንደሚደርስ አይደለም፤ መጀመሪያ ለማን እንደሚያስረክበው ብቻ ነው። ወደ ማዶ የሚሄደውን ሁሉ የሚያስረክበው ለራውተሩ ነው። ስለዚህ በሰርቨሩ ዓይን ያ ሁሉ ተማሪ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ አንድ ኬብል ይበቃዋል።

«መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ ያስቡ፣ ጋሼ» አልኩት፤ ቃላቱ አፌ ውስጥ እየተጋፉ። «መንገደኛውን ወዴት ነህ ሳይል በየትኛው ኬላ ነው የምትወጣው ብቻ እያለ ቢጭን፣ የሰቃውም የሸቤውም የቦንጋውም በአንድ ኬላ ነው የሚወጣው። ሁሉም አንድ መኪና ላይ ይታጨቃል፣ ሌላው መኪና ባዶውን ቆሞ ይውላል!»

«ታዲያ ወዴት ነህ ብሎ ይጠይቃ!» አለ ጋሼ።

ሥራው አንድ መስመር መቀየር ነበር። ደንቡን የእያንዳንዱን ስክሪን አድራሻ እያየ እንዲመርጥ አደረግኩት፤ ጥምረቱን አውርጄ መልሼ አነሳሁት። ጋሼ ወደ ላብራቶሪዎቹ ሮጠ፤ በዚያ ዕድሜው ሮጠ ነው የምላችሁ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አስከፍቶ ደወለልኝ። «በሉ!» አልኩት። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ተነሱ፣ አብረው ሮጡ፣ አብረው ቆሙ። በስልኩ ውስጥ የጋሼ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፦ «መጣ! እዚህም መጣ! ኋላም መጣ! ያ ረቢ፣ ሁሉም መጣ!» የእኔን ጩኸት ደግሞ ዘበኛው ሰምቶ ዱላውን ይዞ ከች አለ።

ዓርብ ፈተናው ሲጀመር እኔ ላብራቶሪ መግባት አይፈቀድልኝም ነበር። ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ ቁጥሮቹን ብቻ አያለሁ። ደወል ሲደወል ሁለቱም ሽቅብ ይዘላሉ፣ ወዲያው ይረጋሉ። ፎቶው ደረሰ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ጸጥታ ግን ያማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጅቷ ቀስቱን እያየች ነው፤ ታውቀው አታውቀው በየትኛው ኬብል ልጠይቅ? ፎቶውን ማድረስ የእኔ ነው፤ ከስክሪኑ ወዲያ ያለው የእሷ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ሲዘሉ አብሬ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ ሲረጉ እቀመጣለሁ።

ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ፊቷን ማንበብ አቃተኝ።

«እ?»

«ደቂቃው ተረፈኝ፣ እትዬ» አለች። «እየተረፈኝ መልሼ መልሼ አየሁት።» እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ ቀረሁ።

ውጤቱ የተለጠፈው በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእናቴ ስልክ ግቢው መሃል ጃንጥላ ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ልጅቷ ከኮሌጅ እየሮጠች ገባች፣ ማንንም ሳታናግር ስልኩን አንስታ ሰቃ ደወለች። አባቷ አነሱ። ወሬውን ሳትነግራቸው እሳቸው ቀደሟት፤ የሚጭናት መኪና ለምነው አግኝተዋል፣ ቦርሳዋን አስራ ትጠብቃቸው፣ አሁን መነሳታቸው ነው።

«ዳርቤራ!» አለች። «አልፌያለሁ፣ አባ!»

ከዚያ ወዲያ በኦሮምኛ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ እየጮኸች ደጋገመችው፦

«አይምጡ! አባ፣ አይምጡ! ሰኞ ክፍል አለኝ!»